የተቆረጠው ስንብት

ኡስታዝ ሸፊቅ በይዱን የሞተው ተቀምጦ ነው። ጠዋት የቀረጻ ክፍሉን በር የከፈተችው ተዋናይት፣ ወይዘሮ ለማለት ሲት የሚሏት ሎሪስ፣ እንደ ልማዱ የሰው ሰዋስው ሲያርም ያደረ መስሏት «ደግሞ አሁን ምን አጠፋሁ?» ብላው ነበር። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንሸራቷል፤ መቁጠሪያው ከጣቱ ወድቋል፤ ማይክሮፎኑ ፊት ባዶ የእንስላል ሻይ ብርጭቆ፣ ከጎኑም ጠብታ ያልቀረበት የልብ መድኃኒት ጠርሙስ ተቀምጧል። ሎሪስ ጩኸቷን ጨርሳ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ መቅረጫው ላይ ተጠምጥሞ የተገኘውን የድምፅ ክር አጫወቱት። ሟቹ ራሱ ተናገረ።

«ልጄ ሆይ፤ ልቤ ደከመ። ከእንግዲህ መንገዱን ብቻህን ሂድ። ይቅር በለኝ።»

የሟቹ አንድያ ልጅ ጁማና ይህን ስትሰማ ግድግዳ ይዛ ቁጭ አለች። ትናንት እዚሁ ስቱዲዮ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባቷ ላይ ጮኻበታለች። እሷ ከዚህች ቀን ከሌሊት ከሚተኮስባት ቤይሩት ወጥታ ቆጵሮስ መሥራት ፈልጋ፣ እሱ ደግሞ እምቢ ብሎ ነበር። «ብቻዬን እሄዳለሁ! አንተ ባትኖር ይሻለኝ ነበር!» አለችው። ይኸው አሁን የለም። «ብቻህን ሂድ» ብሎ መልሶላት ሄደ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሬሳውን ትቶ እሷን ያይ ነበር፤ ዓይናቸውም የሐዘን አልነበረም።

የሰፈሩ ሼክም አላዘኑላትም። «ነፍሱን በገዛ እጁ ላጠፋ ሰው እኔ ፊት ቆሜ አላሰግድም። የፖሊስ ወረቀት አምጪና እንነጋገራለን» አሏት። ሬሳ ደግሞ አያድርም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። ስለዚህ ጁማና ሁለት ጉዳይ ያዘች። አንደኛው፣ አባቷ እንደ ሰው ተሰግዶበት አፈር እንዲቀምስ ነው። ሁለተኛው፣ የገደለችው እሷ መሆን አለመሆኗን ማወቅ ነው። ይህንን ለማንም አልተነፈሰችውም።

ሬሳው ወደ ላይኛው ክፍል ከወጣ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ መርማሪ ወዲዕ ሳሊባ ወደ ቀረጻ ክፍሉ መጣ። «ወዲዕ» ማለት በአገሩ ቋንቋ ገራም ማለት ነው፤ ስም አውጪውን ፈጣሪ ይቅር ይበለው እንጂ ይህን ሰውዬ ገራም ብሎ የሚያውቀው የለም። አጭር፣ ጨጓራው የሚያመው፣ የዱባ ፍሬ እየቆረጠመ ልጣጩን ኮት ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው ነው።

«ከተማው ሙሉ እርስ በርሱ እየተጫረሰ፣ እኔን አንድ ሽማግሌ ራሱን ገደለ ብላችሁ አስጠራችሁኝ» አለ። «ደግ አደረጋችሁ። እዚህ ቤት ቢያንስ የሞተው ሰው ስም አለው።»

የስቱዲዮው ባለቤት ሙሲዮ ታቤት ወረቀቱን አስተካክሎ ይዞ ነበር። «እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልን፣ ጌታዬ። ዛሬ ማታ ከባሕረ ሰላጤው ቴሌቪዥን ጣቢያ እንግዳ ይመጣብኛል፤ ፊልም ሊገዛ፣ ጸሐፊም ሊቀጥር።»

«እኔ እፈርማለሁ፣ አንተ ፊልምህን ትሸጣለህ፣ ልጅቷ እርሟን ታወጣለች። እንዴት ያማረ ቀን ነው! ቁጭ በል አንተ ሰው።» ከዚያ ወደ ጁማና ዞረ። «አንቺም እዚሁ ጥግ ተቀመጪ። የሚዋሽ ሰው የሟች ልጅ ፊት ሲያቀርቡት ምራቁ ይደርቃል።»

ታቤት እየተቆጣ ተቀመጠ። ሥራቸውን ሲጠየቅ ግን እንደ ነጋዴ አፉ ተፍታታ። «የጃፓን ካርቱን እንገዛለን፤ በዓረብኛ እናናግረዋለን፤ ለባሕረ ሰላጤ ጣቢያዎች እንሸጣለን። አሁን የያዝነው የብረት ፈረስ የሚጋልብ ልጅ ታሪክ ነው። ጃፓኖቹ ታሮ ይሉታል፣ እኛ ሳቢር አልነው። የሳቢር ድምፅ ይህች ጁማና ናት፤ የሳቢር አባት ደግሞ ሸፊቅ ነበር። ጽሑፉን የሚጽፈውም የሚያርመውም እሱ ነው።»

«እንዳለ ነው የምታናግሩት?»

«እንዳለማ ማን ይገዛናል! የሩዝ አረቄው ጭማቂ ይሆናል። መሳሳም ይቆረጣል። ግድግዳ ላይ ያለው የጃፓን ጽሑፍ ቀለም ይቀባል። ሞትም የለም።»

«ሞት የለም?»

«ለልጆች አይሆንም፣ ጌታዬ። የሚሞተው ሁሉ ረጅም መንገድ ይሄዳል።»

ከወደብ በኩል መድፍ አጓራ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ማንም ዞር ብሎ አላየም።

«ለልጆች አይሆንም» አለ ወዲዕ፣ ልጣጩን ኪሱ እየከተተ። «ቀጣዩን ጥራልኝ።»

ሲት ሎሪስ የገባችው ጥርሷን ነክሳ ነው። በካርቱኑ ውስጥ ጠንቋዮቹ፣ እንጀራ እናቶቹና ዶሮዎቹ ሁሉ የእሷ ድምፅ ናቸው። ጁማናን ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ የሚጋባ በሽታ ያለባት ይመስል።

«ሸፊቅን ትወጂው ነበር?» አላት መርማሪው።

«ማን? እኔ? ያንን እሾህ! እኛ ቤታችን በሰፈራችን አፍ ነው የምናወራው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ካርቱኑ ግን ሞሮኮም የመንም እንዲሰማው በመጽሐፍ ዓረብኛ መሆን አለበት። ከተወለድኩ በመጽሐፍ ዓረብኛ እንቁላል የጠየቀ ሰው አላየሁም! ሸፊቅ ግን በዚያ ቋንቋ ቀልድ አያውቅም። አንዴ ለዶሮ በወንድ አንቀጽ ተናገርሽ ብሎ ቀረጻ አስቁሟል። ለዶሮ! ‹ሴት ናት፣ አዋረድሻት› አለኝ።»

ወዲዕ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ትናንት ማታስ?»

«ልጁ ሰድባው ከሄደች በኋላ ለሁሉም እንስላል አፈላሁ፤ ለጉሮሯችን ነው፣ ዘወትር እንጠጣለን። ጀበናውን እሳቱ ዳር ትቼ ወጣሁ። እሱ ያለቀለትን የመጀመሪያ ክፍል ሊያይ ማሳያ ክፍል ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» ድምጿ ተሰበረና ወዲያው ተመለሰ። «ሌላ ነገር የለኝም!»

«አለሽ» አላት ወዲዕ። «ግን ዛሬ ክፉ ሆነሻል፤ ሲወጣልሽ ትነግሪኛለሽ።»

የድምፅ ባለሙያው ቫሩጃን አርመን ነው፤ ጦርነቱ ለሁለት በከፈላት ከተማ፣ ከማዶ ከምሥራቁ ሰፈር በወታደር በሚጠበቀው ማቋረጫ እየተመላለሰ ይሠራል። አርመኖች በቋንቋቸው ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ቫሩጃን ዓረብኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ከተማው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱ ደግሞ ከተማው ላይ ተቆጥቶ ይኖራል።

«ኡስታዝ ሸፊቅ ትናንት ደህና ነበረች» አለ። «ሲት ሎሪስ ሻይ አፈላ። እኔ ማቋረጫው ሳይዘጋ ወጣሁ። ሊስቁብኝ ከሆነ አሁን ይሳቁና እንጨርስ።»

«እኔ ጨጓራ ነው ያለኝ፣ ሳቅ የለኝም» አለ ወዲዕና ክሩን እንደገና አጫወተው። ‹ልጄ ሆይ፤ ልቤ ደከመ…› ከድምፁ ሥር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጁማና ከጥጓ መለሰች። «መቁጠሪያው ነው። ሲጨነቅ ይቆጥራል።»

«ሲጨነቅ አይደለም!» አለ ቫሩጃን። «ጃፓኖቹ ሥዕል ሲቆጥቡ ለአንድ ሰው ሦስት አፍ ብቻ ነው የሚሥሉለት፤ ዝግ፣ ገርበብ ያለ፣ ክፍት። ኡስታዝ ሥዕሉ አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች፤ ቃሏ ከከንፈሩ እንዳይወጣ። እኔ ግን ቀረጻ ላይ መቁጠሪያዋን እቀማታለሁ፤ ድምፁ ይገባብኛል።»

«ማቋረጫው ሲዘጋና አንተ ስትቀርስ ማሽኑን ማን ይይዛል?»

«ፊልም ቆራጩ ነዲም። ባለፈው ወር ከሳምንት በላይ ተዘግቶብኝ እሱ ነበረች።»

«ያን ሰሞን እኔም ድምፄ ተዘግቶ ቤት ተኝቼ ነበር» አለች ጁማና፣ ለምን እንደተናገረች ሳታውቅ። ወዲዕ ዱባ ፍሬውን መቆርጠም አቆመና አያት።

ነዲም ራሱ መጣ፤ አልተጠራም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። ጠዋት ሁሉም ጁማና ላይ ሲያፈጥ ወንበር ያቀረበላት እሱ ብቻ ነበር። አሁንም ውሃ ይዞላት ገባ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ጁማና» አላት ዝቅ ብሎ። ይህን ሲላት ለአራተኛ ጊዜው ነው። እሷም በሰማችው ቁጥር ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ይበልጥ ታምን ነበር።

«እንደ እናት የምታባብል ሰው ነህ» አለው ወዲዕ። «ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ላይ፣ መቁረጫ ክፍሌ። ሥራ ነበረብኝ። ስወጣ ኡስታዝ እዚሁ ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ደህና እደሩ ብያቸው ሄድኩ። ባውቅ ኖሮ…» ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ክፍልህን አሳየኝ።»

ጁማናም ተከተለች። በመቁረጫው ክፍል ውስጥ፣ የተቆረጡ የፊልም ጅራቶች ከሽቦ ላይ ወደ ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥለዋል። ነዲም ይጣል የሚባል እንደሌለ ነገረው፤ ጃፓኖቹ ቁራጩን ሁሉ መልሱልን ይላሉ። ወዲዕ አንዱን ጅራት መዝዞ ወደ መስኮቱ አነሳው፤ አንድ የተኛ ሰውና ጎኑ የተንበረከከ ልጅ ይታያሉ። ሌላም መዘዘ፤ ይህኛው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ሳይጠይቅ ኪሱ ከተታቸው፣ ከልጣጩ ጋር።

«ይሄ የሳቢር አባት ነው? ይሞታል?»

«በጃፓኑ ይሞታል፤ በእኛ መንገድ ይሄዳል» አለ ነዲም። «ያ ትዕይንት ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው የወደቀው። ድምፅ እንኳ አልተቀዳበትም።»

«አልተቀዳበትም» አለ ወዲዕ። «እስቲ ስትቆርጥ ልይህ።»

ነዲም ግራ ገባው፤ ግን አንድ ቁራጭ ፊልም አንስቶ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ባለው መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ በመቀስ ቆረጠው። እጁ ልምድ አለው፣ ዓይኑን እንኳ አላሳረፈበትም። ወዲዕ አመስግኖ ወረደ፤ ታች ሲደርስም ክሩን ከማሽኑ አውርዶ በጣቶቹ መካከል እያንሸራተተ ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ከቫሩጃን ወንበር ሥር የወደቀ ሌላ የክር ቁራጭ አንስቶ ጎን ለጎን አስተያያቸው።

ሙሲዮ ታቤት በበሩ አንገቱን አስገባ። ፊቱ ቀልቷል። «እኔ ልንገርዎት፣ ጌታዬ! ሸፊቅ ሴት ልጁን ‹ብቻህን ሂድ› ይላል? ያ ክር የተነካካ ነው! እዚህ ቤት ወንድና ሴት የማይለይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያ አርመን!»

ቫሩጃን ብድግ አለ። «እንደገና በላት!»

«ተዉት» አለች ጁማና። ደክሟታል። «አባቴ ከትንሽነቴ ጀምሮ በወንድ ነበር የሚጠራኝ። ‹ና አንተ ልጅ፣ በላህ ወይ፣ የት ጠፋህ› ነበር የሚለኝ። ሲያቆላምጠኝ ነው። ለእኔ ነው የተናገረው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ለእኔ ነው!» ለቅሶዋ አመለጣት። ነዲም ትከሻዋን ሊደባብስ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አለው ወዲዕ። ከዚያ ሥዕል ያለበትን የፊልም ጅራት ከኪሱ አውጥቶ ለቫሩጃን ሰጠና በጆሮው አንድ ነገር አዘዘው፤ ለሁሉም ተናገረ። «ከምሳ በኋላ ሁላችሁም ማሳያ ክፍል እንገናኝ። ዛሬ ካርቱን እናያለን።»

ሼኩ ሁለቴ ሰው ልከው ነበር፤ ወረቀቱ የት አለ እያሉ። ጁማና የሞተውን አባቷን ከላይ አስተኝታ፣ ከጠሏት ሰዎች መካከል በማሳያ ክፍሉ የፊት ወንበር ተቀመጠች። ጄኔሬተሩ ከታች ያንጎራጉራል። በሩ ላይ አንድ ወታደር ቆሟል። ወዲዕ ነጩ ጨርቅ ፊት፣ ቫሩጃን ካቆመው ማይክሮፎን ጎን ቆመ፤ ዱባ ፍሬ አልያዘም።

«እኔ የመጣሁት ልፈርምና ልሄድ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ያስቀረችኝ የሲት ሎሪስ ዶሮ ናት።»

«ይቀልዳል እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አለች ሎሪስ።

«ሸፊቅ ልጁን በወንድ ይጠራት ነበር፤ እውነት ነው። ግን በምን ቋንቋ? በቤት አፍ። ‹ና፣ በላህ ወይ› የሚል አባት በሰፈሩ አፍ የሚያወራ አባት ነው። ክሩ ላይ ያለው ግን የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው፤ ‹ልጄ ሆይ›፣ ‹ከእንግዲህ›። ራሱን የሚገድል ሰው በዚያ ቋንቋ ሊሰናበት ይችላል፣ በተለይ እንደ ሸፊቅ ያለው። ግን ያ ሰው በመጽሐፍ ዓረብኛ ለዶሮ በወንድ መናገርን ነውር ይለዋል። ለገዛ ሴት ልጁ፣ ያውም በመጨረሻ ቃሉ፣ ‹ይቅር በለኝ› ይላል? በቤት አፍ ቢሆን ፍቅር ነው። በመጽሐፉ ከሆነ ስህተት ነው፤ እሱ ደግሞ አይሳሳትም። ስለዚህ ሰዋስዉ ልክ ነው። የተናገረው ለወንድ ልጅ ነው።»

ጁማና ወደ ወንበሯ ጫፍ ተጠጋች።

«ወንድ ልጅ ግን አልነበረውም!» አለ ታቤት።

«ነበረው። አንተ ነህ የሸጥክለት። ሳቢር ይባላል።» ወዲዕ ከኋላ ማሳያ ማሽኑ ጋ ወደቆመው ቫሩጃን ዞረ። «መቁጠሪያውን ሰምታችኋል። ሐዘንተኛ ሰው ፍሬ ቢቆጥር ለአምላኩ ይቆጥራል። ይሄኛው ግን ሐረግ ሲጀምር አንድ፣ ሲሰብር አንድ እያለ ነው፤ አፍ ይቆጥራል። ከፊቱ ሥዕል ነበር። ቫሩጃን፣ ልቀቀው።»

መብራቱ ጠፋ። ጨርቁ ላይ የወደቀ ሰው ታየ፤ ጎኑ ሳቢር ተንበርክኳል። የሰውዬው ከንፈር ተከፈተ። «ልጄ ሆይ፤ ልቤ ደከመ» አለ የሸፊቅ ድምፅ፤ ድምፁና ከንፈሩ አንድ ሆኑ፤ መቁጠሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር የተሣለው አፍ ገርበብ ይላል። ከዚያ የሳቢር አፍ ተከፈተ፤ ከልጁ አፍ ግን የአባትየው ድምፅ ወጣ፤ «ከእንግዲህ መንገዱን…»

«አቁም!» አለ ወዲዕ። «እዚህ ጋ ክሩ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ልጁ የሚናገርበት ዝምታ ነበር፤ አንድ ሰው አወጣው፤ የሚሞት ሰው በመካከል እንደዚያ ዝም አይልምና። ቫሩጃን በሌላ ቅጂ ላይ ያንን ዝምታ መልሶበታል። ልጅቱ፣ ማይክሮፎኑ ጋ ሂጂ። ይህ ክፍል ያንቺ ነበር፤ ታመሽ ቀረሽበት።»

«ምን ብዬ?» አለች ጁማና። «ጽሑፉ የለኝም።»

«ለሚሞት አባት የሚባለውን።»

ተነሥታ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሥዕሉ እንደገና ጀመረ። አባቷ ‹ልቤ ደከመ› አላት፤ የሳቢር አፍ ተከፈተ፤ እሷም በሰፈሩ አፍ፣ እንደ ሕፃን፣ «አባዬ አትሂድ! የምሬን አላልኩህም፣ አትሂድ!» አለች። የልጁ አፍ ተዘጋ። የአባትየው ተከፈተ። «ከእንግዲህ መንገዱን ብቻህን ሂድ። ይቅር በለኝ።» የመጨረሻው ቃል ሲያልቅ የመጨረሻው አፍ ዝግ አለ፤ ልክ፣ አንዲት ከንፈር ሳትዛነፍ።

ሎሪስ ጮክ ብላ አለቀሰች። መብራት በራ።

«የአገሬ ሰው አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላል» አለ ወዲዕ። «የተሣለ አፍ ግን አይከዳም። አሁን ቀሪው አጭር ነው። ይህ ትዕይንት ድምፅ ተቀድቶበታል። ነዲም ግን ሳልጠይቀው ‹አልተቀዳበትም› አለኝ። የተቀዳው ቫሩጃን ማዶ ተዘግቶበት በነበረ ጊዜ ነው፤ ቫሩጃን ቢኖር መቁጠሪያውን ይቀማው ነበር። ልጅቷ ታማለች። ሲት ሎሪስ በዚያ ክፍል የለችበትም። ሙሲዮ ታቤት ጣቢያ ለጣቢያ ይዞር ነበር። ማሽኑ ላይ የነበረው አንድ ሰው ነው።»

«ማንም ከመደርደሪያ ሊያወጣው ይችላል!» አለ ነዲም። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው፤ አንገቱ ግን አብጧል። «ቫሩጃን ክር መቁረጥ ሥራው አይደል?»

«ሥራው ነው። ለዚህ ነው እሱ ያልሆነው።» ወዲዕ ሁለቱን የክር ቁራጮች ወደ ብርሃን አነሳ። «ድምፅ ቆራጭ ክርን በምላጭ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ መጋጠሚያው እንዳይሰማ። ከወንበሩ ሥር ያገኘሁት የቫሩጃን ነው፤ ሰያፍ ነው። የስንብቱ ክር ግን በመቀስ፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ፊልም ሥዕል ከሥዕል በሚለይበት መስመር እንደሚቆረጠው። ዛሬ ጠዋት ፊቴ ቆረጥክልኝ፣ ልጄ፤ እጅህ ራሱ ተናገረ።»

«ለምን ብዬ? ምን አድርገውኝ?»

ወዲዕ ከኪሱ ሌላውን ጅራት አወጣና ልጣጩን አራግፎ አነበበው። «‹የዓረብኛ ጽሑፍ፣ ሸፊቅ በይዱን›። ከክፍሉ መክፈቻ ላይ የተቆረጠ ነው። በምትኩ የገባውን ስም ያለቀለት ፊልም ላይ አይቻለሁ፤ ያንተ ነው። ዛሬ ማታ የሚመጣው እንግዳ ጸሐፊ ቀጥሮ ሊወስድ ነው የሚመጣው። ሸፊቅ ትናንት ማታ እዚህ ተቀምጦ ፊልሙን ሲያይ ስሙ እንደጠፋ አወቀ። ልጁ ደግሞ ያን ዕለት ሰው ፊት ሰድባዋለች። ከዚያ የተሻለ ቀን የት ይገኛል? የገዛ ጠብታውን በእንስላል ሻይ ውስጥ ሰጠኸው። እንስላሉ መራራውን ሸፈነው።»

ነዲም ተነሣ። ልስላሴው እንደ ቆዳ ተገፈፈ።

«ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ። «ልጆቼ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚያድጉት፤ ፀሐይ አያውቁም! ከዚህች እርጉም ከተማ መውጫ አንዲት በር አገኘሁ። እሱ ሽማግሌ ነው፤ ስም ምን ያደርግለታል? እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ‹ስሜ የእኔ ነው፣ ነገ ለእንግዳው እነግረዋለሁ› አለኝ። ያውም በመጽሐፍ ዓረብኛ!»

ጁማና ከማይክሮፎኑ ጋር ቆማለች፤ ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበርና ድምጿ ክፍሉን ሞላው። «አባቴን ገደልክ። ገዳዩ እኔ ነኝ አሰኝተህ ደግሞ ወንበር አቀረብክልኝ። አራት ጊዜ! ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያልክ አራት ጊዜ ገደልከኝ፣ አንተ ውሻ!»

ወታደሩ ክንዱን ይዞ አወጣው፤ ሲያልፍ ቫሩጃን ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ። ታቤት «እንግዳውን አሁን ምን እለዋለሁ?» እያለ ራሱን ያዘ።

ሎሪስ ወደ ጁማና ስትመጣ ቀሚሷን አልሰበሰበችም። «አንድ ነገር ደብቄብሻለሁ» አለቻት። «ራሱን ገደለ ብዬ ስላመንኩ፣ እንድትቃጠይ ፈልጌ ነው። ትናንት ሰድበሽው ከሄድሽ በኋላ ሳቀ እኮ። ‹ልጁ ተናዷል፣ ነገ ይበርድለታል። እንስላል አስተርፊለት፣ ጉሮሮው ገና አልዳነም› አለኝ። ይኸው ነው ስላንቺ የተናገረው። ሌላ አላለም።»

ጁማና የሎሪስን እጅ ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን ሁሉ አለቀሰች።

ወዲዕ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ለሼኩ የሚላክ ነው። ‹የሞተው በሰው እጅ ነው› የሚለውን ሁለቴ አሰመረበት። ከዚያ አጣጥፎ ሰጣትና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ፀሐይዋ ገና ከባሕሩ በላይ ነበረች፤ ይደርሳሉ።

«አላህ ያጽናህ፣ ልጄ» አላት።

ጁማና የአባቷ ልጅ ናትና ልታርመው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው።

«አሜን» አለች፤ ወረቀቱንም ይዛ ወጣች።